ለወጣት ፖሊሶች፦ «ለምን እዚህ?» ብላችሁ ጠይቁ

ልጆቼ፣ ከማሠልጠኛ ወጥታችሁ በየጣቢያው ለተመደባችሁት ነው የምጽፈው። ወንጀለኛ መያዝ ሥራችን ነው። ያው ወንጀል እዚያው ቦታ በየሳምንቱ የሚፈጸም ከሆነ ግን መያዙ ብቻውን አልበቃም ማለት ነው።

ብዙ አለቃ ያን ጊዜ ፓትሮል ይጨመር ይላል። የአሜሪካዋ ካንሳስ ሲቲ ፖሊስ ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1972 መፈተሽ ጀመረ። 15 ቀጠናዎችን ሦስት ቦታ ከፈለ። በአንዱ ምድብ መደበኛው ቅኝት ተቋረጠ፤ በሌላው በእጥፍና ከዚያ በላይ ጨመረ፤ ሦስተኛው እንደነበረ ተተወ። በወንጀሉም ሆነ በነዋሪው ስጋት ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም።

በ1979 ደግሞ ኸርማን ጎልድስታይን የተባሉ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር፣ ፖሊስ ከጥሪ ወደ ጥሪ ከሚሮጥ ጥሪውን የሚወልደውን ችግር ይፍታ ብለው ጻፉ። በ1980ዎቹ አጋማሽ የቨርጂኒያዋ ኒውፖርት ኒውስ ሞከረችው። ኒው ብራየርፊልድ በሚባል ያረጀ የኪራይ መንደር ቤት ሰብሮ ስርቆት አላባራ ብሎ ነበር። ፖሊሶቹ ነዋሪውን ጠየቁ። ሕዝቡ ከሌባው እኩል ያማረረው የቤቶቹን መፈራረስ ነበር፤ በርና መስኮቱ በቀላሉ ይፈለቀቃል። ከከተማው መሥሪያ ቤቶች ጋር ሆነው ቆሻሻውንና የተጣሉትን መኪኖች አስነሡ። ስርቆቱ በ35 በመቶ ቀነሰ። እኔ ይህን ከብዙ እስር አስበልጬ አየዋለሁ።

ወደ እኛው ታክሲ ተራ እንምጣ። መዝገብ ላይ «ሞባይል ተነጠቀች» ብላችሁ አትለፉት። በስንት ሰዓት? ከአስፋልቱ በየትኛው ወገን? ሌባው በየት አመለጠ? ሲቪል ለብሳችሁ ምሽት 1 ሰዓት ላይ ሰልፉ ውስጥ ቁሙ። የመንገዱ መብራት ጠፍቶ ይሆናል። ሰልፉ አስፋልት ላይ ወጥቶ፣ ሰው ስልኩን በሞተር መተላለፊያው በኩል ይዞ ይሆናል። የአጥሩ ቆርቆሮ ተገንጥሎ ማምለጫ ሆኖ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ጉዳዩ የመብራት ኃይልም፣ የወረዳውም፣ የተራ አስከባሪዎቹም ነው። የተነጠቀውን ስልክ ማን እንደሚገዛም አጣሩ፤ ገዢ ባይኖር ነጣቂ አይበዛም።

«ይሄ የኛ ሥራ አይደለም» የሚል አይጠፋም። «ሌላ ሰፈር ይሄዳል እንጂ አይቀንስም» የሚልም አለ። አንዳንዴ ይሄዳል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም፤ በዙሪያው ያለው ሰፈርም አብሮ ሰላም ያገኘበት ጊዜ አለ።

ብዙዎች የሚዘሉት የመጨረሻውን ሥራ ነው፦ መብራቱ ከበራ በኋላ መዝገቡን ገልጦ እንደገና መቁጠር። ከተጠገነው ቦታ ጎን ለጎን የአጎራባቹንም ሰፈር ቁጠሩ። ካልቀነሰ መንስኤውን ስታችኋልና፣ ሰልፉ ውስጥ ተመልሳችሁ ቁሙ።