ቅጠሉ ተመርምሯል፤ መጠኑስ?

ከበዓሉ ወዲህ ስለ ባህላዊ መድኃኒት ጥያቄዎቻችሁ ተከምረውብኛል። ስልኬም በቅጠል ፎቶ ተጥለቅልቆ ቅዳሜ ገበያ መስሏል። እባካችሁ፣ ፎቶ አይቼ ስም አላወጣም። በእጄ ይዤው እንኳ የምሳሳትበት ቀን አለ።

ከቀላሉ ልጀምር። አንድ ባልና ሚስት ዳማከሴ ለጉንፋን በቡና ነው ወይስ በሻይ ብለው ተከራክረዋል። በቡና። እናቴ ጭማቂውን ቡናው ላይ ጠብ ታደርግ ነበር፤ ሌላ ማስረጃ የለኝም።

ከአዘዞ አንዲት እህት የጻፈችው ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ባለቤቷ ስኳር አለበት። ጎረቤታቸው በስልኳ አንድ ጽሑፍ አሳየቻቸው፤ ቅጠሉ «በዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ተመርምሮ ስኳር እንደሚያወርድ ተረጋግጧል» ይላል። እሱም የስኳር ኪኒኑን፣ ሜትፎርሚኑን፣ ትቶ ማታ ማታ ቅጠሉን እያፈላ ሲጠጣ ሦስት ሳምንት ሆነው። ልቆጣው ወይስ ልታገሠው ትላለች።

ተቆጪው እህቴ። ዛሬውኑ ስኳሩን ይለካ፣ ዛሬውኑ ወደሚከታተለው ሐኪም ይሂድ። ቅጠሉንም ይዞ ይሂድ፤ አይደብቅ። ደንግጦ ደግሞ ቅጠሉንና ኪኒኑን አንድ ላይ እንዳይወስድ። ሁለቱ ተደምረው ስኳሩን ከልክ በታች ሊጥሉት ይችላሉ።

አሁን ወደ ጽሑፉ። ውሸት ላይሆን ይችላል። እዚሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፋርማኮሎጂ ሰዎች የሀገራችንን ዕፅዋት በአይጥ ላይ እየሞከሩ ለዓመታት አሳትመዋል። እኔም በተማሪነቴ ይህን ሥራ ነካክቼዋለሁ። ቅጠሉ ጥላ ሥር ይደርቃል። ይፈጫል። 80 በመቶ ሜታኖል (የአልኮል ዓይነት ነው) ውስጥ ሦስት ቀን ይዘፈዘፋል፣ በየመሃሉ ይነቀነቃል፣ ይጣራል። ከዚያ ሜታኖሉ በማሽን እንዲተን ይደረጋል። በመጨረሻ የሚቀረው ከብልቃጡ ታች የተጣበቀ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ዝልግልግ ነገር ነው። ጣቴን ከነካኝ ሁለት ቀን አይለቅም ነበር። ከአንድ ኪሎ ዱቄት መቶ ግራም ካገኘሁ ያን ቀን ደስተኛ ነኝ።

እናም እህቴ፣ ያ ዝልግልግና ባለቤትሽ የሚያፈላው አንድ አይደሉም። ሜታኖል የሚስበውን ሁሉ ውሃ አይስብም። እሳቱም አለ። የመተማ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የወባ ኪኒን፣ ኮአርተም፣ አንዱ መድኃኒቱ የመጣው ከቻይና ቅጠል ነው። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ በሙቀት ስታወጣው ውጤቱ አልጨበጥ ብሏት ነበር። በዝቅተኛ ሙቀት፣ ኢተር በሚባል ቶሎ የሚተን ፈሳሽ ስታወጣው ሠራላት፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል ተሸለመችበት። እሷ ማፍላቷን ብትቀጥል ኖሮ ሻይ ጠጥታ ትቀር ነበር።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን መጠኑ ነው። ለአይጧ የሚሰጣት በክብደቷ ተሰልቶ ነው። እንዲህ ባለ ሙከራ በኪሎ 400 ሚሊግራም የተለመደ ነው። ይህንን በቀጥታ ለ60 ኪሎ ሰው ብናባዛው 24 ግራም ዝልግልግ ይሆናል፤ በእኔ ብልቃጥ ስሌት የ240 ግራም ደረቅ ቅጠል ውጤት። ነገር ግን አይጥና ሰው ኪሎ በኪሎ አይተካከሉም። ባለሙያዎች የአይጧን መጠን ለሰው ሲቀይሩ ለ12 ገደማ ያካፍሉታል። ያኔ ቅጠሉ 20 ግራም ብቻ ይሆናል። ከ20 እስከ 240! የባለቤትሽ እፍኝ የትኛው ጋ ነው? የትናንቱ እፍኝስ ከዛሬው እኩል ነው? ያው ተክል ደጋ ሲበቅልና ቆላ ሲበቅል፣ በክረምት ሲቆረጥና በበጋ ሲቆረጥ ውስጡ ያለው ነገር ይለያያል። ኪኒኑ ላይ 500 ተብሎ ተጽፏል። ቅጠሉ ላይ ምንም አልተጻፈም።

«አይጥ ሰው ናት እንዴ?» ብሎ አንድ ወጣት ጽፏል። አይደለችም። ለዚህ ነው ከአይጥ በኋላ ገና ብዙ ሥራ አለ የምንለው።

አንድ አባት ደግሞ ኮሶ ስንት ስኒ ልጠጣ ብለው ጠይቀውኛል። ድሮ ሁሉም ሰው ይጠጣው ነበር፣ ይሠራ ነበር ይላሉ። ይሠራል አባቴ፤ ትሉም ዛፉም በአንድ ስም የተጠሩት ለዚሁ ነው። ስኒውን ግን አልነግርዎትም። ኮሶ ሲበዛ ዓይን ይጎዳል፤ ብርሃናቸውን ያጡ ሰዎች በሕክምና መዝገብ አሉ። ሲበዛ የሚባለው ስንት እንደሆነ ከአበባ አበባ ይለያያል። ጤና ጣቢያ ይሂዱ፣ አንድ ጊዜ የሚዋጥ ኪኒን ይሰጥዎታል። ጥሬ ሥጋውንም ትንሽ ቀነስ፣ አለዚያ በወሩ እንደገና ይጽፉልኛል።

የሚቀጥለው ቀልድ የለውም። አንድ አባት ልጁን ያልታወቀ ውሻ ነክሶታል። አንድ አዋቂ ሰባት ቀን የሚጠጣ ሥር ሰጥቶታል፤ በላብራቶሪ ተመርምሯል ወይ ይላል። ደብዳቤው እንደደረሰኝ ደውዬለታለሁ። እዚህ የምጽፈው ለሌሎቻችሁ ነው። ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም፣ ለክትባት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን ሥርም የለም፣ ኪኒንም የለም። አዋቂው ብዙ ሰው አድኛለሁ ቢል አይገርመኝም። የነከሰ ውሻ ሁሉ አላበደም፤ ያበደ ውሻ ከነከሳቸውም የማይታመሙ አሉ። ምስጋናውን የሚወስደው ሥሩ ነው። ክትባቱን ጀምሮ ማቋረጥም የለም። ሂዱ።

የሽፈራው ሻይ ለደም ግፊት? ሐኪምህን ጠይቅ። ኪኒንህን አትተው።

የመጨረሻው ከአንድ ተማሪ ነው። አያቱ ለሆድ ቁርጠት የሚሰጡት ቅጠል አለ፤ ሊያስመረምረው ይፈልጋል፣ ግን እንሰረቃለን ብሎ ፈርቷል። ፍርሃትህ ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ከእጥቢያ የተነሣው ነገር ላብራቶሪ ገባ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት አመጣ። ኋላ ግን በእንዶድ አጠቃቀም ላይ አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አስመዘገበ። ዛሬ የማህበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከት አዋጅ አለን፣ ቁጥር 482/1998። የሚያስፈጽመው የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ቅጠሉን ለማንም ከመስጠትህ በፊት እነሱን ጠይቅ፣ የምትስማማበትን ሁሉ በጽሑፍ አድርግ።

ከዚያ በፊት ግን አያትህን አስፈቅድ። ስትቆርጥ ቅጠሉን ብቻ ሳይሆን አበባውንም ጨምር፤ ያለ አበባ ተክሉን መለየት ይከብዳል። በጋዜጣ መሃል ዘርግተህ፣ መጽሐፍ ጭነህበት አድርቀው። የት ቀበሌ፣ በየትኛው ወር እንደቆረጥከው ጠርዙ ላይ ጻፍ።