የሚያበራ ጄሊ ለልደት፦ ቶኒኩ ልጆቹን ይጎዳል?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ በሚቀጥለው ወር ሰባት ዓመት ይሞላታል። ጓደኛዋ ልደት ላይ በሐምራዊ መብራት ሥር ሰማያዊ ሆኖ የሚያበራ ጄሊ በልታ መጣች፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም። አሠራሩን ስጠይቅ ጄላቲኑ የሚበጠበጠው በቶኒክ ውኃ ነው አሉኝ። ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ ይህን ስትሰማ ‹ለሕፃን ኪኒን ልታበይ ነው?› ብላ ተቆጣች። በወጣትነቷ መተማ ሳለች ወባ ይዟት ኪኒን ወስዳ፣ ጆሮዋ ለቀናት ይጮህባት እንደነበር ታወራለች። አሁን ለልብ ምቷ መዛባት መድኃኒት ትወስዳለች፤ ደም ማቅጠኛም አላት። የጠራሁት አሥራ ሁለት ልጆች ነው፤ ከሦስት ዓመት ጀምሮ ያሉ አሉበት። እናቴ እውነቷን ነው ወይስ ዝም ብላ ነው የምትፈራው?»

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ በቅድሚያ እናትዎን ያመስግኑልኝ። ቶኒክ ውኃን የሚያመርረውም፣ በሐምራዊ መብራት ሥር ሰማያዊ ወጋገን የሚሰጠውም ያው አንድ ነገር ነው፤ ኩዊኒን። እኛ ማንኛውንም እንክብል «ኪኒን» የምንለው እንኳ የዚህን መድኃኒት ስም ወስደን ነው። እናትዎ ዕቃውን በስሙ ጠርተውታል። የሚቀረው መጠኑ ስንት ነው፣ የሚበላውስ ማን ነው የሚለው ነው።

መጠኑን አብረን እናስላው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በአንድ ሊትር ቶኒክ ውስጥ ከ83 ሚሊ ግራም በላይ ኩዊኒን እንዳይኖር ደንግጓል። አንድ ፓኬት ጄላቲን ብዙውን ጊዜ የሚዘጋጀው በአንድ ኩባያ የፈላ ውኃና በአንድ ኩባያ ቶኒክ ነው። አንድ ኩባያ ሩብ ሊትር አይሞላም፤ ስለዚህ ቢበዛ 20 ሚሊ ግራም ኩዊኒን ይይዛል። ይህ በስምንት ትንንሽ ብርጭቆዎች ሲከፋፈል ለአንድ ልጅ 2.5 ሚሊ ግራም ይደርሰዋል። ሃያ ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ለወባ ይታዘዝ የነበረው ግን በአንድ ጊዜ 200 ሚሊ ግራም፣ ያውም በቀን ሦስት ጊዜ ነው። ከጄሊው የሚደርሰው ከአንዱ መጠን ሰማንያ እጅ ያነሰ ነው ማለት ነው።

የእናትዎ ጆሮ የጮኸው በዚያ በሕክምናው መጠን ነው። እኔም ሥራ የጀመርኩት ቆላ አገር ስለሆነ ነገሩን በደንብ አስታውሰዋለሁ። ለከባድ ወባ አርቴሱኔት የሚባለው መርፌ ከመምጣቱ በፊት ኩዊኒኑን በግሉኮስ ቀላቅለን ቀስ እያልን እናንጠባጥብ ነበር፤ ግሉኮሱ የሚያስፈልገው ኩዊኒን የደም ስኳርን ስለሚያወርድ ነው። በሁለተኛው ቀን በሽተኛው «ዝናብ እየዘነበ ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ ውጭው ግን ጠራራ ፀሐይ ነው። ጆሮው ውስጥ እንደ ቆርቆሮ ጣራ የሚንኳኳው መድኃኒቱ ነው። ስናነጋግረው እንጮህ ነበር። ሕክምናው ሲያበቃ ጩኸቱ አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል። ይህ የመድኃኒቱ የታወቀ ጠባይ እንጂ አለርጂ አይደለም፤ በጄሊ መጠን ደግሞ አይደርስም።

ስለዚህ ጤነኛ የሆነ የሰባት ዓመት ልጅ ከዚህ ጄሊ አንድ ትንሽ ብርጭቆ ቢበላ አልሰጋም። ሆኖም የመጠን ስሌት የማይሠራባቸው ሰዎች አሉ። ከስንት አንድ ሰው ሰውነቱ ኩዊኒንን እንደ ጠላት ይለየዋል፤ ከዚያ በኋላ በቶኒክ ውስጥ ያለችው ጥቂት መጠን ብቻ ፕላትሌት የሚባሉትን፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ሕዋሳት በሰዓታት ውስጥ ልታጠፋቸው ትችላለች። ድድ ይደማል፤ እግር ላይ እንደ ቁንጫ ንክሻ ያሉ፣ ሲጫኗቸው የማይጠፉ ቀይና ሐምራዊ ነጠብጣቦች ይወጣሉ፤ ብርድ ብርድ ይላል። ቶኒክ ጠጥቶ ወይም ኩዊኒን ወስዶ እንዲህ የሆነ ሰው በሕይወቱ ዳግመኛ አንድ ጉንጭ እንኳ መቅመስ የለበትም። ጂ ስድስት ፒዲ የሚባለው፣ ቀይ የደም ሕዋሳትን የሚጠብቅ ኢንዛይም አንሶት «ባቄላ እንዳይበላ» የተባለ ልጅም ቶኒኩ ይቅርበት። ከእንግዶቹ እናቶች መካከል ነፍሰ ጡር ካለችም እንዲሁ፤ ጀርመን ውስጥ እናቱ በእርግዝናዋ መጨረሻ ሳምንታት በየቀኑ ከአንድ ሊትር በላይ ቶኒክ ትጠጣ የነበረች ጨቅላ በተወለደ በማግስቱ መንቀጥቀጥ እንደጀመረው ተመዝግቧል። አንዲት ማንኪያ ጄሊ ከሊትር ጋር እንደማይወዳደር አውቃለሁ፤ ግን ለጨዋታ ተብሎ በእርግዝና የሚወሰድ መድኃኒት የለም።

እናትዎ ራሳቸው ይህን ጄሊ አይብሉ። ስለ ልጆቹ የፈሩት ፍርሃት ይበልጥ የሚመለከተው እሳቸውን ነው። ኩዊኒን የልብን የኤሌክትሪክ ሥርዓት ይነካል፤ ምቱ ለተዛባ ልብ የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ሲጨመሩበት መዛባቱን ሊያብስ ይችላል። ዳይጎክሲን የሚባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በደማቸው ውስጥ ያለውን መጠን ከፍ ያደርገዋል፤ ዋርፋሪን ከሆነም የማቅጠን ኃይሉን ሊጨምር ይችላል። በዚህ ዕድሜ ማታ ማታ እግር ሲሸመቅቅ «ቶኒክ ጠጪበት» የሚል ምክር ከጎረቤትም ከዘመድም ስለሚመጣ አስቀድሜ ልንገርዎ፦ ባለሥልጣኑ ኩዊኒን ለእግር መሸማቀቅ እንዳይወሰድ ያስጠነቀቀው ሰዎች በልብ ምት መዛባትና በፕላትሌት መጥፋት ስለሞቱ ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። በእንዲህ ያለ ግብዣ ላይ እኔን ከኩዊኒኑ ይልቅ የሚያስፈራኝ ጨለማው ነው። ጄሊ ልሙጥ ነው፤ ሳያኝኩት ይወርዳል፤ የሚሮጥና የሚስቅ የሦስት ዓመት ልጅ ጉሮሮ ውስጥ ተወትፎ ቢቀር ደግሞ ድምፅ አይወጣም። ትንታ ያለበት ልጅ ያስላል፣ ያለቅሳል፤ ሙሉ በሙሉ የታፈነ ልጅ ግን ዝም ነው የሚለው። ብርሃን ባለበት ክፍል ከንፈሩ ሲጠቁር ይታያል። በሐምራዊ መብራት ሥር የሁሉም ልጅ ከንፈር ጥቁር ነው። ስለዚህ እባክዎ ልጆቹ ጄሊውን በጨለማ ይዩት፣ ይደነቁበት፣ ፎቶግራፍ ይነሱበት፤ ከዚያ መብራቱ ይብራና ቁጭ ብለው በማንኪያ ይብሉት። ለትንንሾቹ በማንኪያ ጨፍልቀው ይስጧቸው እንጂ ኳስ ወይም ኩብ አድርገው አይቁረጡላቸው። በመደብር የሚሸጡትንና ከፕላስቲክ ሲኒ ወደ አፍ ተመጥጠው የሚገቡትን፣ ኮንጃክ የሚባል ሥር ያለባቸውን ትንንሽ ጄሊዎች ግን ጭራሽ ወደ ቤትዎ አያስገቡ፤ ምራቅ አያሟሟቸውም፤ ሕፃናት ስለሞቱባቸው የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 አግዷቸዋል።

አንድ ልጅ ቢታፈን አንድ ሰው 911 ይደውል፤ እርስዎ ልጁን ወደ ፊት ጎንበስ አድርገው በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መካከል በመዳፍዎ አምስት ጊዜ ጠንከር አድርገው ይምቱት። ካልወጣ ከኋላው ሆነው ከእምብርቱ ከፍ ብሎ ባለው ቦታ በጡጫ ወደ ውስጥና ወደ ላይ አምስት ጊዜ ይግፉ፤ እስኪወጣ ድረስ እያፈራረቁ ይቀጥሉ። ጣት ወደ አፉ አስገብቶ በጭፍን መፈለግ ግን ይበልጥ ወደ ታች ይገፋዋል።

ሰዎች ቶኒክ ሲያጡ የሚያደርጉት ደግሞ የባሰ ነው። ታጥፎ ሲሰበር የሚያበራውን የፕላስቲክ ዘንግ ቆርጠው ፈሳሹን መጠጥ ውስጥ የሚያንጠባጥቡ፣ ወይም ዘንጉን እንዳለ ጄሊ ውስጥ የሚተክሉ አሉ። በዘንጉ ውስጥ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ የፕላስቲክ ማለስለሻ ኬሚካልና የተሰበረ ቀጭን ብርጭቆ አለ። አንድ ልጅ ነክሶ ፈሳሹ አፉ ውስጥ ከገባ ያቃጥለዋል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ለሞት አያደርስም፤ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ውኃ ወይም ወተት ይስጡት፤ አያስታውኩት። ከዚያ ወደ መርዝ መረጃ ማዕከል በ1-800-222-1222 ይደውሉ፤ ቀንም ሌሊትም በነፃ ይመልሳሉ፣ አስተርጓሚም ያቀርቡልዎታል። ዓይኑ ውስጥ ከገባ ለአሥራ አምስት ደቂቃ በለብታ ውኃ ይጠቡት።

ኬክ ላይ የሚነሰነሰው የሚያብረቀርቅ ብናኝም ተመሳሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በሮድ አይላንድ አንድ የልደት ግብዣ ላይ ስድስት ልጆች ኬክ በልተው በማስታወክና በተቅማጥ ታመው ነበር፤ ኬኩን ያስጌጠው ወርቃማ ብናኝ የመዳብ ዱቄት ሆኖ ተገኘ። መለያው ላይ «መርዛማ አይደለም» መባሉ የሚበላ ነው ማለት አይደለም። የተሠራባቸው ነገሮች በዝርዝር ካልተጻፉበት አይግዙት።

መብራቱን ሲገዙ ከ365 እስከ 400 ናኖሜትር የሚል ይፈልጉ። ከኮቪድ ወረርሽኝ ወዲህ በየቤቱ የቀሩትን ጀርም መግደያ መብራቶች በፍጹም አይጠቀሙ፤ እነሱም ወደ ሐምራዊ ያደላሉ፣ ግን የዓይንን መስታወት ያቃጥላሉ። ልጁ ማታ ተኝቶ ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የተነሰነሰ ያህል እየጮኸ ይነሣል። ትክክለኛውንም ቢሆን ከልጆቹ ዓይን በላይ ከፍ አድርገው ይስቀሉት።

ስለ ጄላቲኑ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከጤና ይልቅ የእምነት ነው። ጄላቲን ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው ደግሞ አብዛኛው ከአሳማ ቆዳ ነው። የኦርቶዶክስም የሙስሊምም ልጆች የሚመጡ ከሆነ፣ ወይም ቀኑ ጾም ላይ ከዋለ፣ ከባሕር ተክል የሚሠራው አጋር ይሻላል። አንድ የሻይ ማንኪያ የአጋር ዱቄት በአንድ ኩባያ ውኃ ሁለት ደቂቃ ያፍሉና ቀሪውን ፈሳሽ ይጨምሩ፤ ፈሳሹ ግን ከፍሪጅ የወጣ ከሆነ አጋሩ ወዲያው እየተቋጠረ ይጓጉላል።

ለእርስዎ ግብዣ እኔ የምመርጠው ጭራሹኑ ቶኒኩን መተው ነው። በአሥራ ሁለት ልጆች መካከል የማን ቤተሰብ ምን እንዳለበት በአንድ ወር ጠይቆ መጨረስ ይከብዳል። ፋርማሲ ውስጥ ሌላ ምንም ያልተቀላቀለበት ቫይታሚን ቢ ሁለት፣ ሪቦፍላቪን፣ ይግዙ። ብዙ ቫይታሚን አንድ ላይ የያዘውን አይውሰዱ፤ ብዙ ጊዜ በውስጡ ብረት አለበት፣ ብረት ደግሞ ሲበዛ ለሕፃናት አደገኛ ነው። ባለ 100 ሚሊ ግራሙን አንድ እንክብል ሩቡን ያድቅቁና ለአንድ ፓኬት ጄላቲን በሚሆን ሙቅ ውኃ ይበጥብጡት፤ ያልሟሟ ዝቃጭ ካለ በቀጭን ጨርቅ ያጥልሉት። በሐምራዊው መብራት ሥር ቢጫና አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ብርሃን ስለሚያበላሸው ሸፍነው ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ቀለሙን ስለሚያደበዝዙትም ወተትና ቀይ ጭማቂ አይጨምሩበት። ልጅዎ ሰማያዊውን ካላየች የማትተወው ከሆነ አንድ ብርጭቆ ቶኒክ ለትዕይንት ብቻ መብራቱ ሥር ያስቀምጡላትና አንድ ቁንጥር ጨው ጨምራ ታማስለው፤ ብርሃኑ ዓይኗ እያየ ይደበዝዛል። ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ የኩዊኒኑን ብርሃን ያጠፋዋል። ያንን ብርጭቆ ማንም እንዳይጠጣው አንድ ትልቅ ሰው ይያዘው።

ከቢ ሁለቱ ጄሊ እናትዎም ከልጆቹ ጋር መብላት ይችላሉ፤ የስኳር ሕመም ካለባቸው ብቻ ስኳር የሌለበትን ያዘጋጁላቸው። በማግስቱ የሁሉም ሽንት ደማቅ ቢጫ ሊሆን ስለሚችል፣ ልጆቻቸውን ሊወስዱ ለሚመጡት ወላጆች በር ላይ ሲሸኟቸው ይንገሯቸው፤ አለበለዚያ ጠዋት ስልክዎ አያርፍም።