ኩሬ የሚሸከመው ኪሎ ነው

ይድረስ ለዓሣ አርቢ ልጆቼ፣

የሌማት ትሩፋት በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ስልኬ ሥራ አልፈታም። ደስ ይለኛል። እኔ ሥራ ስጀምር ዓሣ ማለት ከሐይቅ በመረብ የሚወጣ ነገር ነበር። በጓሮዬ ኩሬ ቆፍሬ ዓሣ አረባለሁ የሚል ሰው እንደ ቀልደኛ ነው የሚታየው። ዛሬ ኩሬው ውሃ እንዳያሰርግ ጂኦመምብሬን የሚባለውን ፕላስቲክ ያነጠፈ ወጣት በየወረዳው አለ። የምትጠይቁኝም አንድ ነገር ነው፦ «ጋሼ፣ ኩሬዬ ውስጥ ስንት የዓሣ ጫጩት ልጨምር?»

ቁጥር ብቻ ነግሬያችሁ ስልኩን ብዘጋው ደስ ይላችሁ ነበር። ግን ምን እንደምታበሉ፣ ውሃችሁ ምን ያህል እንደሚሞቅ፣ ስንት ግራም ሲደርስ እንደምትሸጡ ሳላውቅ ቁጥር ብሰጥ ጠንቋይነት ነው።

ኩሬ የሚሸከመው ኪሎ ነው። የዓሣው ቁጥር የሚወስነው ያ ኪሎ ለስንት እንደሚካፈል ብቻ ነው። 10 በ15 ሜትር ኩሬ አላችሁ እንበል፤ 150 ካሬ ነው። በፍግ አልጌ ለምልሞበት፣ ፍሩሽካና ፋጉሎ እየተሰጠው 60 ኪሎ ዓሣ ያሳድጋል እንበል። በካሬ 2 ጫጩት ካስገባችሁ 300 ዓሣ ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ 200 ግራም ይደርሰዋል። በካሬ 6 አድርጋችሁ 900 ብታስገቡስ? ያው 60 ኪሎ ለ900 ሲካፈል 67 ግራም ገደማ ነው። ባለ 200 ግራሙን ጠብሶ የሚሸጥ አይጠፋም። ባለ 67 ግራሙ ግን ፊሌቶ ቢወጣለት ለአንድ ጉርሻ አይበቃም። ለጫጩት ያወጣችሁት ብር ደግሞ ሦስት እጥፍ ነው።

ይህን እያወቁም ጫጩት አብዝተው የሚያድሉ አሉ። «ይህን ያህል ሺህ ጫጩት ተሰራጨ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሪፖርት ላይ ያምራል። ስንቱ ገበያ ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ ከኩሬያችሁ በላይ ሲሰጧችሁ «ይበቃኛል» በሉ። ነፃ ነው ብላችሁ አትውሰዱ፤ ነፃው ጫጩት መኖ በነፃ አይበላም።

ቆሮሶ (ቲላፒያ) ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ዛሬ 300 አስገብታችሁ ከጥቂት ወራት በኋላ 300 ነው ያለኝ ማለት አትችሉም። ኩሬ ውስጥ ገና በጥቂት ወሩ መራባት ይጀምራል። በተጨናነቀና ምግብ ባነሰው ውሃ ደግሞ ሳያድግ ነው ወላጅ የሚሆነው። ባለፈው አንድ ኩሬ ላይ መረብ ስንስብ መዳፍ የማትሞላ ዓሣ ወጣች። ባለቤቱ «ይቺ ገና ጫጩት ናት» ብሎ መልሶ ሊጥላት ሲል አፏን በጣቴ ከፈት አደረግኩት። ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቢጫ እንቁላል ታጭቆበታል። ቆሮሶ እንቁላሏን የምትፈለፍለው በአፏ ይዛ ነው፤ ያኔ እሷም መብላት ታቆማለች። ልጁ ክው አለ። አያድጉም ሲላቸው የከረሙት ዓሦች ለካ በዚያ መጠናቸው ሲወልዱ ነው የከረሙት። እንዲህ ያለ ኩሬ ከዳር ሆነው ሲያዩት ሞልቶ ያስደስታል፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ ነው ጉዱ።

መላው ምንድን ነው? አንደኛው ወንድ ወንዱን ብቻ ማስገባት ነው። ዓሣው 30 ግራም ገደማ ሲደርስ ሆዱን ገልብጣችሁ እዩት፦ ወንዱ ሁለት ቀዳዳ አለው፣ ሴቷ ሦስት። ዓይን እስኪለምድ ያስቸግራል፤ በቀለም ሲቀባ ግን ጎልቶ ይታያል። ጥቂት ሴቶች ማምለጣቸው ስለማይቀር ሁለተኛው መላ ትንንሽ ዓሦችን የሚበላው አምባዛ (ካትፊሽ) ነው። እኔ ለ10 ቆሮሶ 1 ወይም 2 አምባዛ አይበዛም እላለሁ። ግን አብራችሁ አታስገቡ። ቆሮሶው ቀድሞ ይደግ፣ አምባዛው ከእሱ ያነሰ ሆኖ ኋላ ይግባ። ያኔ የሚለቅመው አዲስ የተፈለፈሉትን ነው፤ ተገላቢጦሽ ከሆነ የከፈላችሁበትን ይበላዋል።

አምባዛን ለብቻው የምታረቡ ደግሞ ቁጥሩን ከቆሮሶ በእጅጉ ከፍ ማድረግ ትችላላችሁ። ከውሃው ወጣ ብሎ አየር ስለሚስብ ኦክስጅን ማነሱን ይችለዋል። ጫጩቶቹ እንዲያውም በጣም ሲሳሱ ይናከሳሉ፤ ሰብሰብ ሲሉ ይረጋጋሉ። የእሱ ችግር የመጠን መበላለጥ ነው። ትልቁ ትንሹን ይውጠዋል፤ ስለዚህ በየጊዜው በመጠን መለየት ግድ ነው።

አሁን ወደ ቪዲዮዎቹ ልምጣ። «ግብፆች በካሬ ይህን ያህል ያስገባሉ» እያላችሁ ትልኩልኛላችሁ። ያስገባሉ። ብዙው ኩሬያቸው ያለው ዴልታው ላይ ነው፤ ቦታው ከባሕር ጠለል እምብዛም አይርቅም። የተዘጋጀ ተንሳፋፊ መኖ አላቸው፤ ብዙ የሚያስገባው ደግሞ ውሃ የሚያናውጥ ማሽን ያስገባል። የእኛ ደጋ ሌላ ነው። ሰበታ፣ የዓሣ ምርምር ማዕከሉ ያለበት ቦታ፣ ከ2,200 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ ውሃ መያዝ የሚችለው ኦክስጅንም ይቀንሳል። ቆሮሶ ደህና የሚያድገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ውሃ ነው፤ ከ20 ሲወርድ ይለግማል። አርባ ምንጭ በስድስት ወር የሚደርሰው ዓሣ ደጋ ላይ በዓመቱም ላይደርስ ይችላል። ለእኛ፣ ያለ ማሽን፣ በፍግና በፍሩሽካ፣ በካሬ 2 ይበቃል። ጥሩ መኖና የሚቀየር ውሃ ያለው 3 ይሞክር።

መብዛቱን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ንጋት ላይ ይነሳ። ቀን አረንጓዴው ውሃ በፀሐይ ኦክስጅን ይሠራል፤ ሌሊት ዓሣውም አልጌውም ጭቃው ውስጥ ያለውም ሁሉ ተጋፍቶ ይተነፍሳል። ጎህ ሲቀድ ኦክስጅኑ ከሁሉ ሰዓት ያነሰ ነው። ዓሦቹ አፋቸውን ውሃው ገጽ ላይ ከፍተው ሲያለከልኩ ካያችሁ መኖ አቁሙ፣ አዲስ ውሃ ከፍ አድርጋችሁ እያፈሰሳችሁ ጨምሩ። ርቧቸው ነው ብሎ ፍሩሽካ የሚበትን አይቻለሁ! የተረፈው መኖ ሲበሰብስ የቀረውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ክንዳችሁንም እስከ ክርን ንከሩት። ውሃው ገና ክርናችሁ ሳይደርስ መዳፋችሁ ከዓይን ከጠፋ ፍጉ በዝቷል፤ ለጊዜው ይቁም።

በየወሩ መረብ ጣሉ። ከተለያየ ጥግ 30 ያህል ዓሣ አውጡ፣ መዝኑ፣ አማካዩን በጠቅላላው ቁጥር አባዙት። መኖውንም ከዚያ ክብደት ላይ አስሉት፤ ላደገ ዓሣ በቀን ከመቶ 3 ገደማ። ካለፈው ወር የዚህ ወሩ ክብደት ፈቅ ካላለና ውሃው ካልቀዘቀዘ ኩሬው ሞልቷል ማለት ነው፤ መኖ በመጨመር አይፈታም። ትልልቆቹን ሸጣችሁ ቦታ ልቀቁ። ሁዳዴ ሲገባ ዓሣ ይፈለጋል፣ ዋጋውም ይሻላል። ስለዚህ ጫጩት የምታስገቡበትን ወር ከዚያ ወደ ኋላ ቆጥራችሁ ያዙ። ሁዳዴ እስኪያልቅ በየሳምንቱ የደረሰውን ለቀም እያደረጋችሁ አውጡ፤ ሁሉን በአንድ ቀን ካወጣችሁት ማቀዝቀዣ ያለው ነጋዴ ዋጋውን እሱ ይቆርጥላችኋል።