ባለ ጠርዝ ወይስ ጠርዝ የለሽ? ስለ ትልልቅ ሪቮልቨሮች ጥይት ጥያቄና መልስ

ሪቮልቨር የያዛችሁ የወሎ ሰዎች የላካችሁትን በተራ እመልሳለሁ። ፈቃድ የሌለው መጀመሪያ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃዱን ይጨርስ፤ የጥይት ምርጫ ከዚያ በኋላ ነው። «ሲሊንደር» የምለው የሚሽከረከረውን ባለ 6 ጉድጓድ ክፍል፣ «ኮከብ» የምለው ደግሞ ዘንጉ ሲገፋ ቀለሆቹን ባንድ ጊዜ የሚያወጣውን ነው።

ከደሴ፦ ጋሼ፣ ጠርዝ የሚባለው የቱ ነው?

አብሽር፣ የምታውቀው ነገር ነው። የድሮ የውጅግራ ቀለህና የክላሽ ቀለህ ጎን ለጎን አቁም። የውጅግራው ቂጥ ከገላው ሰፍቶ ወጣ ብሏል፤ ጠርዝ ያ ነው። የክላሹ ቂጥ ከገላው እኩል ሆኖ ከበላዩ ዙሪያውን ቦይ አለው።

ሪቮልቨር ላይ ጠርዙ ሁለት ሥራ ይሠራል። ጥይቱ ወደ ጉድጓዱ እንዳይሰምጥ ከኋላ ያቆመዋል፤ ኮከቡም ቀለሁን የሚገፋው ጠርዙን ይዞ ነው። የ.45 ኮልት (ባለ ጠርዝ የሪቮልቨር ጥይት ነው) ቀለህ ገላው 12.2 ሚሜ፣ ጠርዙ 13 ሚሜ ነው። ኮከቡ የሚይዘው በየጎኑ 0.4 ሚሜ ብቻ ነው ማለት ነው። በ.45 ኤሲፒ፣ ማለትም ጠርዝ በሌለው የአውቶማቲክ ሽጉጥ ጥይት ላይ ግን የሚይዘው ነገር የለም።

ከኮምቦልቻ፦ ታዲያ .45 ኤሲፒ የሚተኩስ ሪቮልቨር እንዴት ተሠራ?

በ1917 (በፈረንጅ አቆጣጠር) የአሜሪካ ጦር አውቶማቲክ ሽጉጥ አጠረው። ኮልትና ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ያንኑ የአውቶማቲክ ጥይት የሚጎርስ ሪቮልቨር ሠሩለት። ዘዴው ቀጭን የብረት ክሊፕ ነው፤ የጥይቱ ቦይ ውስጥ ገብቶ የጠርዝን ሥራ ይሠራል። ያኔ ግማሽ ጨረቃ የምትመስል፣ 3 ጥይት የምትይዝ ነበረች፤ ዛሬ 6ቱንም የሚይዝ ክብ አለ።

ያለ ክሊፕ ይተኮሳል ወይ ለሚለው፣ ጉድጓዱን እይ። በስሚዙ ውስጥ እርከን አለ፤ የቀለሁ አፍ እዚያ ላይ ስለሚያርፍ ይተኮሳል፣ ባዶውን ግን ከፊት በእንጨት እየገፋህ ታወጣለህ። በመጀመሪያዎቹ ኮልቶች እርከኑ ስለሌለ ጥይቱ ይሰምጥና መርፌው አይደርስበትም። በ1920 ፒተርስ የተባለው ኩባንያ .45 አውቶ ሪም የሚባለውን አወጣ፦ የኤሲፒው ዓይነት ቀለህ ሆኖ፣ የክሊፑን ቦታ የሚሞላ 2.3 ሚሜ ውፍረት ያለው ጠርዝ አለው። ካገኘኸው ክሊፕ አያስፈልግህም፤ ማግኘቱ ነው ችግሩ።

ከወልዲያ፦ ክሊፕ ስጠቀም ቃታው ይከብዳል፣ አንዳንዴም ይከሽፋል።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው የተጣመመ ክሊፕ ነው። መጀመሪያ ጥይቱን በሙሉ አውጣና 6ቱንም ጉድጓድ በብርሃን እይ። ባዶውን ክሊፕ መስታወት ላይ አስተኛና ዙሪያውን በጣትህ ጫን ጫን አድርግ። ከተወዛወዘ ወይም ከሥሩ ብርሃን ካለፈ ጣለው፤ በመዶሻ አቃናለሁ አትበል። ቀጥ ያለውን የተተኮሱ ባዶ ቀለሆች አጉርሰህ ሲሊንደሩን ዝጋና ቃታውን ቀስ ብለህ ሳብ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከከበደ ክሊፑ ነው። በሁሉም ክሊፕ ከከበደ የኮከቡን ሥር ተመልከት፤ ያልተቃጠለ የባሩድ ቅንጣት ይቀመጥበታል፣ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ይጠረጋል።

መክሸፉ ሌላ ምክንያትም አለው። የቦዩ ስፋት ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፤ ቀጭን ክሊፕ ሰፊ ቦይ ውስጥ ሲገባ ጥይቱ ይላላል፣ ሲመታም ወደፊት ስለሚሸሽ ምቱ ይለሰልሳል። ክሊፕህን ከአንድ ፋብሪካ ቀለህ ጋር አጋባውና አትቀያይር። በስሚዝ ላይ ደግሞ እጀታው ፊት ለፊት ታች ያለችው ብሎን ከላላች የመዶሻው ኃይል ይቀንሳል፤ ጥብቅ አድርጋት። ባዶ ቀለህ ከክሊፑ ስታወጣ በፒንሳ አትፈልቅቅ፤ የሚጣመመው ያኔ ነው። ጫፏ የተቆረጠ የቱቦ መፍቻ አለችለት።

ከባቲ፦ .45 ኤሲፒን .45 ኮልት ውስጥ ብከተውስ? ሁለቱም 45 ናቸው።

አይሆንም። ቀለሁ በ10 ሚሜ ገደማ ያጥራል፣ ጠርዝም ስለሌለው ይሰምጣል። ለሁለቱም ተብሎ የተሠራ ሲሊንደር ካልሆነ አትሞክረው።

ከሐይቅ፦ ከአባቴ የወረስኩት ዌብሊ የሚባል ሪቮልቨር አለኝ። ሻጩ «.45 ኤሲፒ ይጎርሳል» ይለኛል። እድሜዬም ገፍቷል፣ ነገሩ አይገባኝም።

አባቴ፣ እንዳይተኩሱበት። ዌብሊው የተሠራው .455 ለሚባል ዝቅተኛ ግፊት ላለው ባለ ጠርዝ ጥይት ነው። ብዙዎቹ በኋላ የሲሊንደራቸው ጀርባ ተሞርዶ ኤሲፒ በክሊፕ እንዲጎርሱ ተደርገዋል። መጉረሱን ይጎርሳል፤ ነገር ግን የፋብሪካ ኤሲፒ እስከ 21,000 ፒኤስአይ ግፊት አለው፣ ይህም ያ ብረት ከተፈተነበት በላይ ነው። ጉድጓዱ ሊሰነጠቅ ይችላል። የተሞረደ መሆኑን የሚያውቁት በሲሊንደሩ ጀርባና በሽጉጡ ገላ መካከል ባለው ሰፋ ያለ ክፍተት ነው።

ከደሴ፦ ወንድሜ .44 ማግነም አለው፤ .44 ስፔሻል ይተኩሳል?

አዎ እህቴ፣ ሁለቱም ባለ ጠርዝ ስለሆኑ ይሠራል። ስፔሻሉ በ3 ሚሜ ስለሚያጥር ግን ጉድጓዱ ውስጥ የጥላሸት ቀለበት ይተዋል። ወደ ማግነም ሲመለስ በነሐስ ብሩሽ ካልጠረገው ረጅሙ ቀለህ ይጣበቅበታል።

ከመርሳ፦ ባለ ጠርዙም ቢሆን አንዱ ቀለህ ከኮከቡ ሥር ገብቶ ይነክሳል።

ዘንጉን በለሆሳስ ስለገፋኸው ነው። አፈሙዙን ወደ ሰማይ አድርገህ ዘንጉን አንዴ በመዳፍህ በኃይል ምታው፤ ቀለሆቹ በክብደታቸውም ይወርዳሉ።

ከኮምቦልቻ፦ በቃ የትኛውን ልግዛ?

የሚወስነው ሲሊንደርህ ላይ የተጻፈው ነው። ገና ሽጉጥ የምትመርጥ ከሆነ ግን እኔ ባለ ጠርዙን እላለሁ፤ ጭቃና አቧራ ባለበት ስስ ክሊፕ ኪስ ውስጥ ይጣመማል። የክሊፑ ጥቅም ፍጥነት ነው፦ 6ቱ ባንዴ ይገባሉ፣ ባንዴ ይወጣሉ። በነጠላ የሚጎርስ፣ መዶሻው በአውራ ጣት የሚሳብ ሪቮልቨር ከሆነ ደግሞ ክርክሩ ይቀልላል፤ ዘንጉ ከፊት ገብቶ ቀለሁን ከውስጥ ስለሚገፋ፣ ለኤሲፒ በተሠራ ሲሊንደር ክሊፕም አያስፈልግም።

ከወረኢሉ፦ ክረምት ላይ ዝናሬ ውስጥ ያለው ጥይት አረንጓዴ ይሆናል።

የቆዳው ማልፊያ ከእርጥበት ጋር ሆኖ ነሐሱን ስለሚበላው ነው። ጥይቱን በዝናር አታስቀምጥ፤ ሲወጣ ብቻ ተጠቀምበት። አረንጓዴውን በደረቅ ጨርቅ ጥረግ፣ ዘይት አትቀባ፤ ዘይቱ ወደ ማቀጣጠያው ሰርጎ ያከሽፈዋል። ጥፍርህን ስታሳልፍበት ነሐሱ ተቦርቡሮ ከነከሰህ ያን ጥይት አትተኩሰው።