ኮንዶም «አጋላጭ» ሆኖ ሲወጣ

«ስለ ኤችአይቪ ከድሬዳዋ ጤና ጣቢያዎች በሰበሰብኩት መረጃ ኮንዶም ተጠቃሚዎች ላይ ኦድስ ሬሾው (በእያንዳንዱ ወገን ፖዘቲቮች ለነጋቲቮች ያላቸውን ምጥጥን የሚያወዳድረው ቁጥር) ከ1 በላይ መጣብኝ፣ ኮንዶም አጋላጭ መሰለ፤ ከስታቲስቲክስ ሞዴሉ ላውጣው?» ላልሽው እህቴ፦ እንዳታወጪው። እኔም ሐረር ማስተርሴን ስሠራ ይኸው ነገር እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። አማካሪዬ «ቀኑን አይተኸዋል?» አሉኝ። ካርድ ክፍል ተመልሼ ሰዎቹ ፖዘቲቭ መሆናቸውን ያወቁበትን ቀን ሳገላብጥ፣ ኮንዶም ተጠቃሚ ብዬ የመዘገብኳቸው አብዛኞቹ የጀመሩት ውጤታቸውን ካወቁ በኋላ ነው። ኮንዶሙን ያመጣው ምርመራው ነበር። ክሮስ ሴክሽናል (የአንድ ጊዜ) ጥናት ደግሞ ኮንዶሙንም ውጤቱንም በአንድ ቀን ስለሚጠይቅ የትኛው እንደቀደመ አያሳይም።

ሌላም አለ። አንዳንዱ ኮንዶም የሚይዘው ከማያውቀው ሰው ጋር ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ «ተጠቅመህ ታውቃለህ?» የሚለው ጥያቄ ጥንቃቄን ሳይሆን አጋጣሚውን ሊለካ ይችላል። ሁልጊዜ፣ አልፎ አልፎ፣ ከማን ጋር የሚለውን ለይተሽ ካልጠየቅሽ ቁጥሩን አትመኚው።

መተላለፍን ማጥናት ከፈለግሽ አንዱ ፖዘቲቭ ሌላው ነጋቲቭ የሆኑ ጥንዶችን መከታተል ነው። ኡጋንዳ ራካይ ላይ በ2000 የታተመው ጥናት 415 ጥንዶችን ተከታትሎ 90ዎቹ አጋሮች ሲያዙ፣ ቫይራል ሎዱ (በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን) በሚሊ ሊትር ከ1,500 ቅጂ በታች ከሆነ ሰው ግን አንድም አልተያዘም። እዚያው በአንድ ግንኙነት የመተላለፍ ዕድሉ በአማካይ 0.0011 ተገምቷል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ግንኙነቱ 100 ጊዜ ሲደጋገም ዕድሉ 10 በመቶ ገደማ ይደርሳል (0.9989 ወደ 100ኛ ኃይል ከፍ ተደርጎ ከ1 ሲቀነስ)። ኮንዶምን በ«አዎ/አይደለም» ብቻ የሚመዘግብ ቫሪያብል ይህን ድግግሞሽ ይውጠዋል። ደግሞ አጋሩ የተያዘው ከትዳር ጓደኛው ነው ብለሽ አትገምቺ፤ እንዲህ ያሉ ጥንዶችን በተከታተለው ኤችፒቲኤን 052 በተባለው የሕክምና ሙከራ በ2011 በወጣው ውጤት ከተያዙት 39 ሰዎች ከአጋራቸው ቫይረስ ጋር በዘረመል የተያያዙት 28 ነበሩ።

ኦድስ ሬሾውንም «በዚህን ያህል እጥፍ ይጋለጣሉ» ብለሽ አትተርጉሚው። ከአንዱ ወገን 60 በመቶ፣ ከሌላው 40 በመቶ ፖዘቲቭ ቢሆን ልዩነቱ 1.5 እጥፍ ነው፤ ኦድስ ሬሾው ግን 2.25 ይላል። በናሙናሽ ፖዘቲቭ የሆኑት ብዙ ከሆኑ እጥፉን በቀጥታ በሚገምተው የፖይሰን ሞዴል፣ ከሮበስት ስታንዳርድ ኢረር (ከተስተካከለ የስህተት ግምት) ጋር ሥሪው።

አሁን ካርዶቹ በእጅሽ እያሉ ያወቁበትን ቀን ጨምሪ፣ አዲስ የተመረመሩትን ለብቻ አውጥተሽ ድጋሚ ሞክሪ። ርዕሱንም «ከፖዘቲቭነት ጋር የተያያዙ ሁኔታዎች» በይው። ጽሑፍሽን ነገ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ያለች አንዲት አማካሪ ነርስ ልታነበው ትችላለች፤ «ኮንዶም ያጋልጣል» የሚል ዓረፍተ ነገር እንዳታገኝበት። ሠንጠረዡን እዚህ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።