አባቶቻችን ከእኛ ይበልጡ ነበር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ፒያሳ አካባቢ ነው። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ማኪያቶ ልንጠጣ በተገናኘን ቁጥር የምንጣላበት ነገር አለ። እሱ «ላሊበላን የፈለፈሉ፣ አክሱም ላይ ያን የሚያህል ድንጋይ ያቆሙ ሰዎች ጭንቅላታቸው ከእኛ ይበልጥ ነበር፤ እኛ ያለ ስልክ መደመር እንኳ አቅቶናል» ይላል። እኔ ደግሞ የሰው ልጅ እየተሻሻለ ነው የመጣው ባይ ነኝ። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ እውነቱን ልንገርህ ወንድሜ፣ ሁለታችሁም ልክ አይደላችሁም።

መጀመሪያ ወዳንተ ልምጣ። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም በእግርህ የምትደርስበት ነው። የዛሬ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የኖረችው የሉሲ ወገኖች አንጎል የእኛን ሲሶ ቢያክል ነው። እስከዚህ ያልከው ያስኬዳል። ነገር ግን አፋር ውስጥ ሄርቶ ላይ የተገኘው የ160,000 ዓመት የራስ ቅል አንጎል የሚይዘው ቦታ ሲለካ 1,450 ሲሲ (ኪዩቢክ ሴንቲሜትር) ገደማ ሆኗል፤ የዛሬ ሰው በአማካይ 1,350 አካባቢ ነው። መጠን ብቻውን ብልህነት አይደለም፤ ግን ያኔም እንደኛው ሰው ነበሩ። ላሊበላ ደግሞ ገና 800 ዓመት ቢሆነው ነው።

«የአይኪው፣ የማሰብ ችሎታ መለኪያ ፈተናው፣ ውጤት እየጨመረ አይደል?» ትለኝ ይሆናል። ልክ ነህ፤ ኒውዚላንድ ይኖር የነበረው ተመራማሪ ጄምስ ፍሊን በ20ኛው ክፍለ ዘመን በብዙ አገሮች ውጤቱ በየ10 ዓመቱ 3 ነጥብ ያህል ከፍ ሲል እንደነበር አሳይቷል። እሱ ራሱ ግን አያቶቻችን ደደብ ነበሩ አላለም። ትምህርት ቤት ገብተን፣ ነገርን በዓይነት መመደብና ያላየነውን «እንዲህ ቢሆንስ» ብለን ማሰብ ስለለመድን ነው።

አሁን ባሕረ ሐሳብን፣ ቤተ ክርስቲያን አጽዋማትንና በዓላትን የምታወጣበትን ስሌት፣ እየው። የ2018ን ፋሲካ እናውጣ። ከክርስቶስ በፊት የሚቆጠረው 5500 ዓመት ሲደመርበት 7518። ለ19 ስታካፍለው 13 ይተርፋል፣ አንድ ቀንስ፣ 12፤ ወንበር ይሉታል። ወንበሩን በ19 አባዝተህ በ30 ስትገድፈው፣ ማለትም ለ30 አካፍለህ ትርፉን ስትይዝ፣ መጥቅዑ 18 ይሆናል። መጥቅዑ የሚውልበት መስከረም 18 እሑድ ነው፣ የእሑድ ተውሳክ (ለዕለቱ የተመደበው ጭማሪ) 7፣ ድምሩ 25፤ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ይገባል። በዚያው ላይ የፋሲካን ተውሳክ 9 ጨምር፣ 34፤ 30ውን ጣለው፣ ሚያዝያ 4 ፋሲካ። ይህን ሁሉ በቃላቸው የሚያወጡ ሊቃውንት ዛሬም አሉ፤ እኔ ይሄ ነገር ሁሌም ያስደንቀኛል።

ጓደኛህ የሳተው እዚህ ላይ ነው። ያኔም ሁሉም ሰው ይህን አያውቅም ነበር። ገበሬው ጾሙ መቼ እንደሚገባ ከቄሱ ነው የሚሰማው፣ ቄሱ ከመምህሩ፣ መምህሩም ከእሱ በፊት ከነበሩት፤ አንድ ሰው ብቻውን ቁጭ ብሎ የፈጠረው አይደለም። እኛም ስልክ የምንጠይቀው ያው ሌላ ሰው ያሰበውን ነው። ደግሞም አምሮ የቆመውን ብቻ አይተን አንፍረድ። አክሱም ላይ ከሁሉ ትልቁ ሐውልት፣ 33 ሜትር፣ 500 ቶን የሚያልፈው፣ ሲያቆሙት ወይም ከቆመ ብዙም ሳይቆይ እንደወደቀ ይታመናል፤ ዛሬም ተሰባብሮ እዚያው ተኝቷል።

በሚቀጥለው ማኪያቶ ስልካችሁን ኪስ ከታችሁ 2019ን አውጡ። መጥቅዑ ከ14 በታች ስለሚሆን መስከረም ሳይሆን ጥቅምት ላይ ነው የሚውለው፣ ነነዌም ወደ የካቲት ትሻገራለች፤ እዚያ ጋ እንዳትሳሳቱ። የቅዳሜ ተውሳክ 8 ነው።