ኢኮኖሚክስ በማንበብ ብቻ ለምን አይያዝም?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ የሁለተኛ ዓመት የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ። ወደዚህ የትምህርት ክፍል የገባሁት ዋጋ ለምን እንደሚንር፣ ሰው ለምን ሥራ እንደሚያጣና አንዳንድ አገሮች ከድህነት መውጣት ለምን እንዳቃታቸው ለማወቅ ጓጉቼ ነበር። አሁን ግን ጊዜዬን የማሳልፈው ከግራፍና ከካልኩለስ ጋር ነው። ማስታወሻዬን ደጋግሜ አንብቤ፣ ትርጓሜዎቹንም በቃሌ ይዤ ብገባም በማይክሮ ኢኮኖሚክስ አጋማሽ ፈተና ያገኘሁት ውጤት አንገቴን አስደፍቶኛል። ይህ ሁሉ ሒሳብ በእርግጥ ያስፈልጋል? ወይስ ጊዜው ሳያልፍ የትምህርት ክፍል ልቀይር?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በአንድ ፈተና ውጤት ተነሥተው የትምህርት ክፍል እንዲቀይሩ አልመክርዎትም፤ የችግሩ ምንጭ በራስዎ ደብዳቤ ውስጥ ተጽፎ ይታየኛልና። ማስታወሻ ደጋግመው ማንበብዎንና ትርጓሜ በቃል መያዝዎን ነግረውናል፤ አንድም የሒሳብ ጥያቄ በወረቀት ላይ ሠርቼ ነበር አላሉም። የማይክሮ ኢኮኖሚክስ ፈተና ግን ትርጓሜ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። አብዛኛው ጥያቄ «ይህ ቢለወጥ ያኛው ምን ይሆናል?» የሚል ስለሆነ፣ መልሱን የሚያገኘው አስቀድሞ በእጁ የሠራ ተማሪ ነው።

ወረቀት ያቅርቡና አብረን እንሥራ። የአንድ አምራች ጠቅላላ ወጪ በሦስት የተከፈለ ነው እንበል፦ 100 የሆነ ቋሚ ወጪ፣ የምርቱ ብዛት በ20 ተባዝቶ የሚገኘው፣ እንዲሁም ብዛቱ በራሱ ተባዝቶ የሚገኘው። 5 ዕቃ ሲመረት አማካይ ወጪው፣ ማለትም ጠቅላላው ወጪ ለብዛቱ ሲካፈል፣ 45 ነው፤ 10 ሲመረት ወደ 40 ይወርዳል፤ 20 ሲመረት ተመልሶ 45 ይሆናል። አሁን የጠቅላላ ወጪውን ዴሪቬቲቭ ይውሰዱ። የሚያገኙት 20 ሲደመር የብዛቱ እጥፍ ነው፤ ማርጂናል ወጪ የሚባለውም ይኸው ነው፤ ምርቱን በጥቂቱ ሲጨምሩ ወጪው ምን ያህል እንደሚጨምር ይነግርዎታል። በ5 ላይ 30፣ በ10 ላይ 40፣ በ20 ላይ 60 ይሆናል። ማርጂናሉ ከአማካዩ በታች እስካለ ድረስ አማካዩን ወደ ታች ይስበዋል፤ ከበለጠው በኋላ ደግሞ ወደ ላይ ይወስደዋል፤ ስለዚህ ሁለቱ የሚገናኙት አማካዩ ዝቅተኛ በሆነበት በ10 ላይ ነው። የዚህ ሴሚስተር ውጤትዎ እስካሁን ካለዎት አማካይ ነጥብ ሲያንስ አማካዩ የሚወርደው በዚሁ ምክንያት ነው። ግራፉን ብቻ በቃሉ የያዘ ተማሪ መስመሮቹ የት እንደሚቋረጡ ያውቃል፤ ለምን እዚያ እንደሚቋረጡ የሚያውቀው ግን ቁጥሩን የሠራው ነው።

ሒሳቡ ግቡ ነው ማለቴ አይደለም። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ አልፍሬድ ማርሻል በካምብሪጅ ያጠናው ሒሳብ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1865 በሒሳብ ፈተና ሁለተኛ የወጣ ሰው ነው። እርሱ ራሱ በ1906 ለስታቲስቲክስ ምሁሩ ለአርተር ቦውሊ በጻፈው ደብዳቤ፣ ሒሳብን እንደ አጭር ጽሕፈት ብቻ እንደሚጠቀምበት፣ ውጤቱን ወደ ተራ ቋንቋ እንደሚመልሰው፣ ከሕይወት በተወሰደ ምሳሌ እንደሚያስረዳውና ከዚያ በኋላ ሒሳቡን እንደሚያቃጥለው ገልጿል። ለተማሪ ማቃጠሉ አይበጅም፤ ወደ ቋንቋ መመለሱ ግን ከሁሉ የሚበልጥ የጥናት ዘዴ ይመስለኛል። አንድ ጥያቄ ሠርተው ሲጨርሱ፣ ያገኙት ቁጥር ምን እንደሚል በሁለት ዐረፍተ ነገር ይጻፉ፤ መጻፍ ካቃተዎት ጥያቄው ገና አልገባዎትም ማለት ነው። በፍላጎት ከርቭ፣ ማለትም በየዋጋው ምን ያህል ዕቃ እንደሚገዛ በሚያሳየው መስመር ላይ የሚፈጸመውና ብዙ ነጥብ የሚያስጥለው ስሕተትም በዚህ መንገድ ይታረማል፦ የዕቃው ዋጋ ሲለወጥ የምንጓዘው በዚያው ከርቭ ላይ ሲሆን፣ የሸማቹ ገቢ ሲለወጥ ግን ከርቩ ራሱ ቦታውን ይለቃል።

ስለ ሥራ አጥነት የነበረዎት ጉጉትም አልባከነም፤ መንገዱ በስታቲስቲክስና በኢኮኖሜትሪክስ (የኢኮኖሚ መረጃን በስታቲስቲክስ በሚመረምረው ትምህርት) በኩል ያልፋል። በአሜሪካ የኒው ጀርሲ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1992 ዝቅተኛውን የሰዓት ደመወዝ ከ4.25 ዶላር ወደ 5.05 ዶላር ከፍ አደረገች። በመጀመሪያ ዓመት የተማርነው የፍላጎትና የአቅርቦት ግራፍ ቅጥር ይቀንሳል ይላል። የኢኮኖሚክስ ምሁራኑ ዴቪድ ካርድና አለን ክሩገር የግዛቲቱን ፈጣን ምግብ ቤቶች ደመወዙ ባልተለወጠበት በአጎራባቹ ምሥራቃዊ ፔንስልቬኒያ ካሉት ጋር አነጻጽረው በ1994 ባሳተሙት ጥናት ግን ቅጥር መቀነሱን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኙም። ጥናቱ ብርቱ ክርክር አስነሥቷል፤ ካርድም በ2021 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ምሁራን አንዱ ሆኗል። በዚህ ክርክር ውስጥ ገብቶ ማን ትክክል እንደሆነ ለመመዘን ግራፉንም፣ ስታቲስቲክሱንም ማወቅ ግድ ነው።

ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሙሉ ሴሚስተር በዚህ መንገድ ያጥኑ። ሒሳቡ ቀሎልዎት እንኳ ጥያቄዎቹ ራሳቸው የማይስቡዎት ሆነው ካገኟቸው ያን ጊዜ ይቀይሩ፤ ሒሳቡ ስለከበደ ብቻ ግን አይቀይሩ። ለጊዜው የተመለሰልዎትን የፈተና ወረቀት ያውጡና ማስታወሻ ሳያዩ ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀምረው እንደገና ይሥሩት፤ የተሳሳቱበትንም ምክንያት ከየጥያቄው ጎን ይጻፉ። አሁንም ያልተፈታልዎትን ብቻ ለይተው፣ የሞከሩትን ጭምር ይዘው ወደ መምህርዎ ቢሮ ይሂዱ።